የሳዳኪቺ የሩዝ ድቦች

በእኛ በኩሺሃማ ወደብ ግትር ሰው «ኢጎሶ» ይባላል። ቃሉ ስድብም ሙገሳም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የተናጋሪውን ፊት ማየት ያስፈልጋል። ሳዳኪቺ ኦካባያሺን ግን የሚወደውም የሚጠላውም ኢጎሶ ይለው ስለነበር ቃሉ እንደ ሁለተኛ ስሙ ሆኖ ቀርቷል። እሱም አይከፋውም። «ከአባቴ የወረስኩት ይኸው ብቻ ነው፤ ታዲያ አውጥቼ ልጣለው?» ይል ነበር።

ቁመቱ አጭር፣ አንገቱ ደንዳና፣ ድምፁ ሻካራ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቱና አጥማጅ መርከብ ላይ ምግብ ሲያበስል ኖሯል። መዳፉ እሳት መፍራት ከተወ ቆይቷል። ከድስት የወጣውን የሚጤስ ሩዝ በጨው ውኃ በረጠበ እጁ ይዘግናል፤ ሦስት ጊዜ ጨበጥ፣ ሦስት ጊዜ ገልበጥ ያደርገዋል፤ ወዲያው ባለ ሦስት ማዕዘን ጭብጦ ሆኖ ይወጣል። ላየው ሰው ሩዙ ራሱ መልኩን የሚያውቅ ይመስል ነበር።

መርከብ ላይ ሳሉ ስለሆነ አንድ ነገር የወደቡ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያወራሉ። ከአገር በወጡ በዘጠነኛው ወር፣ በደቡብ ባሕር፣ አንድ አርባ ዓመት የሆነው መንጠቆ ጎታች እናቱ መሞቷን በሬዲዮ ሰማ። መርከብ ለአንድ ሰው ኀዘን አይመለስም። ሰውየውም ሥራውን ይሠራል፣ ምግብ ግን አይቀምስም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሳዳኪቺ ሩዙን ጨበጠና ጭንቅላቱን ሞልሞል፣ ጅራቱን ሰንጠቅ አድርጎ፣ በሁለት ጥቁር ሰሊጥ ዓይን ሠርቶ፣ ከመርከቡ ጎን ሲዋኙ የሚያዩዋቸውን የባሕር ውሾች የሚመስል ነገር በሳህን አቀረበለት። የመርከበኞቹ አለቃ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ወጥ ቤታችን መዋዕለ ሕፃናት ሆነ እንዴ?»

«አዎ ሆነ» አለ ሳዳኪቺ ማንኪያውን ሳያስቀምጥ። «ማልቀስ የሚፈልግ ካለ ይምጣ። ማልቀስ የማይፈልግ ደግሞ አፉን ዘግቶ ይብላ!»

አፍ ዘግቶ እንዴት እንደሚበላ የጠየቀው አልነበረም። ሰውየው የባሕር ውሻውን ከጭንቅላቱ ጀመረና እስከ ጅራቱ በላው።

ሳዳኪቺ ከባሕር ሲመለስ ሚስቱ ቀድማው አርፋ ነበር። በኮረብታው ላይ፣ ከሁሉ ቤት ከፍ ብላ በተሠራችው ቤት ጥቂት ዓመታት ብቻውን ኖረ። ስልሳ ሰባት ዓመት በሞላው ዓመት ልጁ ሚዎ ከኦሳካ ትዳሯን ፈትታ፣ የአራት ዓመት ልጇን ኮቶሃን በአንድ እጇ፣ ሻንጣዋን በሌላው ይዛ መጣች። ሚዎ ነርስ ናት። በከተማው ሆስፒታል የጧት ተረኛ ሆና ስለተቀጠረች ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። የልጂቱ ምሳ ዕቃ በአያትየው እጅ ወደቀ።

ኮቶሃ በመዋዕለ ሕፃናቱ ምሳዋን አትበላም ነበር። እዚያ ደግሞ ምሳውን ያልጨረሰ ልጅ ከወንበሩ አይነሣም። ሌሎቹ አሸዋው ውስጥ ሲንከባለሉ እሷ የምሳ ዕቃዋን ክዳን እያየች ትቀመጣለች። ሰኔን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሳዳኪቺ የተሞላውን ምሳ ዕቃ ማታ ማታ ሲከፍተው ያ መንጠቆ ጎታች ትዝ አለው። በነጋታው ድብ ሠራ።

የመጀመሪያው ድብ ግን ጉድ ሆነ። ሳዳኪቺ በሰሊጥ ፈንታ ጭብጦ ከሚጠቀለልበት፣ ደርቆ እንደ ወረቀት ከሳሳው ጥቁር የባሕር ቅጠል ዓይንና አፍንጫ፣ ሳቅ ያለ አፍም በመቀስ ቆርጦ በትኩስ ሩዝ ላይ ለጠፈና ክዳኑን ገጠመው። የባሕር ቅጠል እንፋሎት ሲነካው እንደሚጨማደድ የማያውቅ ወጥ ቤት የለም፤ እሱ ግን ቸኩሎ ነበር። ማታ ልጂቱ ስትመለስ፦

«አባባ፣ ድቡ አለቀሰ» አለችው።

«ምን?»

«ዓይኑ ተኮማተረ፣ አፉም ወደ ታች ሆነ። እያለቀሰ ነበር።»

«እና ምን አደረግሽው?»

«አሳዘነኝና በላሁት።»

ሳዳኪቺ ምሳ ዕቃውን ከፈተው። አንድ የሩዝ ፍሬ እንኳ አልተረፈም። ዞር ብሎ ለረጅም ጊዜ ድስት ሲያጥብ ቆየ፤ ድስቱ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሩዙን ጨብጦ እስኪቀዘቅዝ በማራገቢያ ማራገብ፣ ዓይኑን መጨረሻ ላይ ማድረግ ሥራዬ ብሎ ያዘ። የዓሣ እሾህ ይነቅልበት በነበረው ወረንጦ ቅንድብ ያስቀምጣል። ጆሮ ደግሞ ከውጭ እንደማይለጠፍ አወቀ፤ ከራሱ ከጭብጦው ቆንጠጥ ተደርጎ ካልወጣ መንገድ ላይ ይወድቃል። ድመት መጣ፣ ጥንቸል መጣ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ፔንጉዊን መጣ። ኮቶሃ ክብደት ጨመረች፤ አሸዋው ውስጥም ከሌሎቹ ጋር ተንከባለለች።

ወሬው ወደቡ ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት የባሕር ግንብ ላይ ማሱጂ የሚባለው የቀድሞ የመርከብ ጓደኛው ጠበቀው።

«አንተ ሳዳኪቺ! ዛሬ ምን ወለድክ? ድመት ነው ጥንቸል?»

«ፔንጉዊን።»

«እንኳን በሰላም ተገላገልክ አልልህም። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው በመቀስ ቅንድብ ይቆርጣል?»

«አንተ በዚህ ዕድሜህ ሚስትህ ካላፈላችልህ ሻይ አትጠጣም። ከሁለታችን ሕፃኑ ማን ነው?»

ግንቡ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ማሱጂ ራሱ ሳቀ።

ነገሩ የከረረው በመከር ወር ነው። በመዋዕለ ሕፃናቱ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ወረቀት መጣ። ወረቀቱ በጣውላ ላይ ተጣብቆ፣ በክር ተንጠልጥሎ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቤት አንብቦ በስሙ አንጻር ባለችው ባዶ አራት ማዕዘን ቀይ ማኅተሙን ያሳርፋል። ሃያ ሦስት ቤት አለ። እዚያ መዋዕለ ሕፃናት በቆየ ልማድ ሁሉም ቤት ያላተመበት ደንብ አይጸናም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያላተመ ቤት ስላልነበረ ይህን ልማድ የሚያስታውስ ሰውም ጥቂት ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የእንስሳት መልክ ያለው ምግብ በምሳ ዕቃ አይገባም። ልጆችን ያፎካክራል፤ ቤተሰብንም ያስቸግራል።»

የሳዳኪቺ ቤት የመጨረሻዋ ስለሆነች ወረቀቱ ሲደርሰው ሃያ ሁለት ቀይ ማኅተም ተደርድሮበት ነበር። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። አውልቆ ጠራርጎ እንደገና አነበበው። ከዚያ ጣውላውን ከሩዝ ድስቱ በላይ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለውና ሥራውን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ቺካሞሪ አስጠሩት። ለልጆች በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቱ ከአገጩ ሊገጥም ምንም ሳይቀረው ተቀመጠ።

«አቶ ኦካባያሺ፣ ሃያ ሁለት ቤት አትሟል። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።»

«አይቻለሁ። ቀዩ ያምራል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ የእኔ ነጭ ሆኖ ይቆያል።»

«አንድ ቤት ብቻውን ሃያ ሁለቱን ሊይዝ አይገባም እኮ።»

«እትዬ፣ መርከብ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ‹በርሜሉ ውኃ ደህና ነው› ሊል ይችላል። ወጥ ቤቱ ብቻውን ከሸተተው ግን ሸትቷል።»

«ይህ የበርሜል ውኃ አይደለም፤ እዚህ የቆየ ሥርዓት አለ። ልጅ ሁሉ ከሌላው እኩል ሆኖ፣ ምሳውን ጨርሶ ይነሣል።»

«እኔስ ምን አደረግሁ? ልጂቱ ሰኔን ሙሉ ሳትነሣ ከረመች። አሁን ጨርሳ ትነሣለች። ሥርዓቱን ከሃያ ሦስቱ ቤት ያከበርኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ቺካሞሪ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሻይ ጨመሩለት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ያስቡበት» አሉት። «አስቤበታለሁ፤ ሻዩ ግን ግሩም ነው» ብሎ ወጣ። ከወንበሯ ለመነሣት ግን ሁለት ጊዜ መሞከር ነበረበት።

ለሳዳኪቺ ከርእሰ መምህርቷ ይልቅ የከበደችው የገዛ ልጁ ናት። ሚዎ ከሥራ መጥታ፣ ካልሲዋን ሳታወልቅ፣ ጣውላው ሥር ቆመች።

«አባዬ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ እናቶች መንገድ ላይ ሰላም ማለት ትተዋል። ትናንት አንዷ ልጇን እንድመዝንላት አልፈለገችም፤ ሌላ ነርስ ጠራች። ማተም ምን ይጎዳሃል? ጥፍር የምታህል ቀለም ናት።»

«ጥፍር ታህላለች፤ ስሜ ግን አለባት።»

«ኮቶሃ እኮ አሁን ትበላለች። ተራ ጭብጦም ትበላለች።»

«እሱን በምን ታውቂያለሽ?»

ሚዎ አታውቅም ነበር፤ ሁለቱም አያውቁም። እዚያ ወንበር ላይ ልጂቱ እንደገና ብትቀመጥ የሚያስነሣት ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

«ለእኔ ስትል» አለች በመጨረሻ።

ሳዳኪቺ መሳቢያውን ስቦ ማኅተሙን አወጣ። ጫፉን በትንፋሹ እፍ አለው፤ ቀለም ላይም ጫን አደረገው። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ። ኮቶሃ ወለሉ ላይ ተኝታ በእርሳስ የሆነ ነገር ትሥል ነበርና ቀና ሳትል፦

«አባባ፣ ነገ ምንድን ነው?» አለችው።

ማኅተሙን ጠርጎ መሳቢያው ውስጥ መለሰው።

«ለአንቺ ስል ብዙ አደርጋለሁ፣ ሚዎ። ይህን ግን ለአንቺም ስል አላደርገውም» አለ። ወደ ልጂቱ ዞረና፦ «ነገ ቀበሮ ነው።»

ሚዎ በሩን ደህና አድርጋ ሳትዘጋው ወጣች። ሳምንት ሙሉ ከአባቷ ጋር ከ«በላህ ወይ?» እና ከ«ደህና እደር» ያለፈ አልተነጋገረችም።

ቅዳሜ ጧት የቤቱ በር ተደበደበ። ሩሪኮ ነበረች፤ ዓሣ በጢስ በሚደርቅበት ቤት የምትሠራ፣ ዳይጎ የሚባለውን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። የጎማ ቦቲዋን አላወለቀችም። ጢሱ ከልብሷ ላይ ይሸታል።

«ጋሽ ሳዳኪቺ፣ ይውጡ! ደንቡ እንዲወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት!»

«ጎሽ። እንደ ሰው ተናገርሽ። ግቢ።»

«አልገባም! ዳይጎ ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ወረወረው። ‹የእኔ ሩዝ ፊት የለውም፤ የኮቶሃ ፊት አለው› ብሎ። እኔ ያንን ሩዝ ቆሜ፣ ጫማዬን እያጠለቅሁ ነው የጨበጥኩት! እርስዎ ጡረተኛ ነዎት፤ ለድብዎ ጆሮ የሚያወጡበት ጧት አለዎት። እኔ ጧት የለኝም! ገባዎት? ጧት የሚባል ነገር የለኝም!»

ሳዳኪቺ የሴትየዋን እጅ አየ፤ ጨውና ጢስ ሰነጣጥቆታል።

«ልክ ነሽ» አላት።

«እንግዲያው ያትሙ።»

«አላትምም።»

«ልክ ነሽ አሉኝ አይደል!»

«ልክ ነሽ፤ አላትምም። የልጄ ልጅ በላች ብዬ አላፍርም፤ የአንቺ ልጅ አለቀሰ ሲባል ግን አፈርኩ። ከቤት ስትወጪ ለምሳ ዕቃው ስንት ደቂቃ አለሽ?»

«አራት።»

«ለድብ ሦስት ይበቃል። አንዷን ሻይ ጠጪባት።»

«ይቀልዱብኛል?»

«ቦቲሽን አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ።»

ለምን እንደገባች ሩሪኮ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ «የሩዙ ሽታ ነው የጎተተኝ፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር» ትላለች። ሳዳኪቺ አንድ የሻይ ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደ። ውስጡ ከባሕር ቅጠል የተቆረጡ ዓይኖችና አፍንጫዎች ሞልተዋል፤ ደርቀው ይንኮሻኮሻሉ።

«ጧት ጧት የምቆርጥ መስሎሽ ነው? እሁድ የሳምንቱን እቆርጣለሁ። ቆርቆሮው እርጥበት አያስገባም። ጧት መጨበጥና መለጠፍ ብቻ ነው። በይ ዝገኚ።»

«እፍ! ያቃጥላል!»

«ሩዝ ነዋ። ቀስ በይ፣ አትጨምቂው! የታጠበ ካልሲ አይደለም።»

«ጆሮው ወደቀ።»

«ለጠፍሽው እንዴ? ከራሱ አውጪው። ቆንጠጥ፣ እንዲህ። አራግቢው አሁን። ዓይኑ መጨረሻ ነው፤ በትኩሱ ካደረግሽው ያለቅሳል።»

ሩሪኮ የሠራችው ድብ አንድ ጉንጩ አብጦ፣ አንድ ጆሮው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ሳዳኪቺ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተው።

«ይሄ ድብ ከመርከብ ወድቋል።»

ሩሪኮ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ኮቶሃ በእነሱ መካከል ተሹለክልካ መጣችና እጇን አጨበጨበች፦ «ጉማሬ! አባባ፣ አንተ ጉማሬ ሠርተህልኝ አታውቅም!»

ሩሪኮ ጉማሬውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከቆርቆሮው አንድ እፍኝ ዓይን ተሰጥቷት በር ላይ ደረሰች። ዞር ብላም፦

«ማኅተሜን ግን አላነሣም» አለች።

«እኔም አላሳርፍም።»

«ኢጎሶ ሽማግሌ!»

«ምነው፣ አንቺስ?»

ሰኞ የሩሪኮ ድብ ዳግመኛ ጉማሬ ሆኖ ወጣ፤ ዳይጎም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ለክፍሉ ሁሉ አዞረ። የእሱ ብቻ ጉማሬ ነበረና። ረቡዕ እናቱ በእርግጥ ጉማሬ ለመሥራት አስባ ድብ የመሰለ ነገር ወጣላት። እሱንም በላው።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ሳዳኪቺ ጣውላውን ከምስማሩ አወረደ። ማኅተሙን አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው፤ የአባቱ ማኅተም ነበር፤ ላልተስማማበት ነገር አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ትንሽ ተመለከተውና ወደ መሳቢያው መለሰው። ከቆርቆሮው ሁለት ዓይንና አንድ አፍንጫ አነሣ። በዱሮ ጊዜ የተቀደደ የወረቀት መስኮት ይጣበቅበት እንደነበረው፣ አንዲት የሩዝ ፍሬ በጣቱ ድፍጥጥ አድርጎ በባዶዋ አራት ማዕዘን ላይ ቀባ፤ የድቡን ፊት በወረንጦ አንድ በአንድ አሳረፈባት። አራገበው። ጣውላውን በኮቶሃ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ወደ ወይዘሮ ቺካሞሪ ላካት።

ኮረብታው ሥር ሩሪኮ ከሥራ ስትመለስ ልጂቱን አገኘቻት። ጣውላውን ገልበጥ አድርጋ አየች። መንገዱ ላይ ቆማ ብዙ አሰበች፤ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው «እለፊ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት፣ አልሰማችውም። ከዚያ ከቦርሳዋ ከተረፈው ምሳዋ አንዲት የሩዝ ፍሬ ለቀመች፤ ከኪሷም በላስቲክ የታሰሩትን ዓይኖች አወጣች። በራሷ ቀይ ማኅተም ላይ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ፊት ለጠፈች።

ወይዘሮ ቺካሞሪ ወረቀቱን ሲያዩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት።

«ኮቶሃ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ይሄኛው ድብ ነው። ይሄኛው ጉማሬ ነው።»

«ማኅተሙስ?»

«አባባ ማኅተም የለም ብሏል።»

ሃያ አንድ ማኅተም፣ አንድ ድብ፣ አንድ ጉማሬ። ወይዘሮዋ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ጣውላውን ቁምሣጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት፤ ደንቡም እዚያው ቀረ። ለሳዳኪቺ የላኩለት መልእክት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሩዝ በወረቀት ላይ ጉንዳን ይጠራል።» እሱም መለሰ፦ «ጉንዳኖቹም ጨርሰው ይነሡ።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። ኮቶሃ አደገች፤ ምሳ ዕቃዋንም ራሷ መያዝ ጀመረች። እሱ ግን እሁድ እሁድ ዓይን መቁረጡን አልተወም፤ ጧት ወደ ጢሱ ቤት የሚሄዱ እናቶች በደጁ እያለፉ ከቆርቆሮው ይዘግኑ ነበር። ማሱጂ ሚስቱ በሞተችበት ዓመት መጣና፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፦ «እስቲ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ አሳየኝ» አለው። ሳዳኪቺ አልሳቀበትም።

ያረፈው የፕለም አበባ በፈካበት ሰሞን ነው። በአገራችን ልማድ ከሟች ራስጌ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሩዝ ተከምሮ፣ መሐሉ ላይ ሁለት የመብያ ዘንጎች ተተክለው ይቀመጣሉ። ሩዙን ያበሰለችው ኮቶሃ ናት። ክምሩን አሳምራ ካስቀመጠች በኋላ ተንበርክካ በማራገቢያ ማራገብ ጀመረች። ለለቅሶ የመጡት አክስቶች ምን እያደረገች እንደሆነ አልገባቸውም። እስኪቀዘቅዝ አራገበች። ከዚያ የሻይ ቆርቆሮውን ከፈተች፤ በወረንጦ ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍንጫ፣ ሳቅ ያለ አፍም በክምሩ ላይ አሳረፈች። ጆሮዎቹንም ከራሱ ከሩዙ ቆንጠጥ አድርጋ አወጣች።

«ምን ማለት ነው ይሄ!» አለች አንዷ አክስት። «በሙት ራስጌ! ነውር ነው፤ አንሺው! መነኩሴው እየመጡ ነው እኮ!»

ኮቶሃ አልተነቃነቀችም። አክስትየዋ እጇን ወደ ሳህኑ ዘረጋች። ይህን ጊዜ አባቷን ጥፍር ለምታህል የማኅተም ቀለም የለመነችው ሚዎ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ በሳህኑና በአክስትየዋ እጅ መካከልም ቆመች።

«አይነካም» አለች።

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። አይነካም።»

መነኩሴው መጡ። ድቡን አዩት። ሚዎን አዩአት፤ ከኋላዋ ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ የገባችውን ሩሪኮንም አዩአት። ተቀምጠውም ጸሎታቸውን ጀመሩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ የድቡ ዓይን አልተኮማተረም።